በቁመቱ የተመለሰው ልጅ፦ የጄት ሞተር ፈልሳፊው ፍራንክ ዊትል

ከቦሌ ተነስቶ ወደ ዱባይ፣ ወደ ሪያድ፣ ወደ ኩዌት ወይም ወደ ቤሩት የበረረ ሰው ሁሉ አንድ ድምፅ ያስታውሳል። አውሮፕላኑ ከመንደርደሪያው ጫፍ ቆሞ ሞተሮቹ ማጓራት ሲጀምሩ የሚሰማውን ድምፅ። በዚያች ሰዓት ልብ የሚሄደው ወደተለዩት ቤተሰብ ነው፤ ከክንፉ ሥር የሚጮኸው ነገር ከየት እንደመጣ የሚያስብ ብዙ አይገኝም። ያ የሚጮኸው ነገር የጄት ሞተር ይባላል። ከፈለሰፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ በቁመቱ ማነስ ከበር የተመለሰ፣ በኋላም 5 ፓውንድ አጥቶ የፈጠራ መብቱ የተቃጠለበት የመካኒክ ልጅ ነበር። ስሙ ፍራንክ ዊትል ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመካኒኩ ልጅ

ፍራንክ ዊትል ሰኔ 1 ቀን 1907 በእንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ ሞዝስ ዊትል በእጁ ብዙ ሙያ ያለው፣ ትምህርቱ ግን ጥቂት የሆነ መካኒክ ነበር። ፍራንክ 9 ዓመት ሲሞላው ቤተሰቡ ሌሚንግተን ወደምትባል ከተማ ተዛወረ። አባቱ እዚያ የሞተር ቫልቭና የፒስተን ቀለበት የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ገዛ። ጥቂት የብረት መቅረጫ ማሽኖችና አንድ አሮጌ ሞተር ያሉት ቤት ነበር። ልጁም ከትምህርት ቤት ሲመለስ እጅጌውን ሰብስቦ አባቱን ያግዝ ነበር። ብረት እንዴት እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚላግ፣ ማሽን ሲታመም ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ የተማረው እዚያ ነው።

ፍራንክ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ነፃ የትምህርት ዕድል አግኝቶ ሁለተኛ ደረጃ ገባ። ይሁን እንጂ የአባቱ ሥራ ተዳከመና ቤተሰቡ ችግር ላይ ወደቀ። ልጁ ትርፍ ሰዓቱን የሚያሳልፈው በከተማው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነበር። ማንም ሳያዘው ስለ ከዋክብት፣ ስለ ማሽን፣ ስለ ተርባይንና አውሮፕላን በአየር ላይ ስለሚቆምበት ምክንያት ያነብ ነበር። 15 ዓመት ሲሞላው አንድ ነገር ወሰነ፤ አብራሪ ለመሆን።

ሁለት ቀን ብቻ

በጥር ወር 1923 የእንግሊዝ አየር ኃይል ለአውሮፕላን ጥገና ሠልጣኞች ያዘጋጀውን የመግቢያ ፈተና አለፈ። ደስ ብሎት ወደ ማሠልጠኛው ሄደ። እዚያ የቆየው ግን ሁለት ቀን ብቻ ነበር። የጤና ምርመራ ላይ ቁመቱ ተለካ፤ 1 ሜትር ከ52 ሳንቲም ገደማ ሆነ። ደረቱም ጠባብ ነው ተባለና ወደቀ። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ለመምጣት ሜዲካል የተመረመረ ሰው አንፊት የሚለው ቃል ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ፈተናውን በአእምሮው አልፎ በሰውነቱ መውደቁ የ15 ዓመቱን ልጅ ክፉኛ ጎዳው።

ከመሄዱ በፊት ግን በማሠልጠኛው የነበረ አንድ የስፖርት አስተማሪ አዘነለትና ምን ምን እንደሚበላ፣ ምን ዓይነት እንቅስቃሴ እንደሚሠራ ጽፎ ሰጠው። ፍራንክም ወረቀቱን እንደ ሃይማኖት ትእዛዝ ይዞ ቤቱ ገባ። በየቀኑ እየሠራ፣ እየተለጠጠ፣ የታዘዘለትን እየበላ ቆየ። በስድስት ወር ውስጥ ቁመቱም የደረቱም ስፋት ወደ 7 ሳንቲም ተኩል ያህል ጨመሩ። ተመልሶ ሲያመለክት ግን አንድ ጊዜ የወደቀ ሰው ዳግመኛ አይታይም ተባለ። በዚህም ተስፋ አልቆረጠም። ከዚያ በፊት እንዳልተመለሰ ሰው ሆኖ እንደ አዲስ አመለከተ፤ ፈተናውንም በድጋሚ ተፈተነ። በዚያው ዓመት በመስከረም ክራንዌል በተባለው የአየር ኃይል ጣቢያ በሠልጣኝ መካኒክነት ተቀጠረ።

ትንንሾቹ አውሮፕላኖች

የሠልጣኝነት ኑሮ ለፍራንክ እስር ቤት ነበር። ሰልፉን፣ ጫማ መወልወሉንና ቁጣውን ጠላው። ጥሎ ለመጥፋት ያሰበበት ጊዜም ነበር። ያቆየው አንድ ነገር ነው። በጣቢያው ውስጥ ሠልጣኞች በትርፍ ጊዜያቸው ሞዴል አውሮፕላን የሚሠሩበት ማኅበር ነበር። ፍራንክ እዚያ ገባ። ሞዴል አውሮፕላን ማለት የሕፃን መጫወቻ ብቻ አይደለም። ክንፉ በትክክል ካልተሰላ፣ ክብደቱ ከፊትና ከኋላ ካልተመጣጠነ አይበርም። ትንሽ ይሁን እንጂ አየር ለትልቁም ለትንሹም ሕጉ አንድ ነው።

ፍራንክ በዚያ ማኅበር ውስጥ እየታወቀ መጣ። የሚሠራቸው ሞዴሎች በጥራታቸው የተነሣ ከአዛዡ ዓይን ገቡ። አዛዡ ልጁ በሒሳብም እንደዚያው የተለየ መሆኑን አየ። በ1926 ሦስት ዓመቱን ሲጨርስ በዚያው በክራንዌል ለነበረው የመኮንኖች ኮሌጅ እንዲገባ መሰከረለት። ከመካኒክ ሠልጣኞች መካከል ይህ ዕድል የሚደርሳቸው በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ ኮሌጁ በአብዛኛው የባለጸጋ ልጆች ቤት ነበርና። እነዚያ ትንንሽ አውሮፕላኖች ባይኖሩ ኖሮ ፍራንክ ዕድሜውን በመካኒክነት ይጨርስ እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

በኮሌጁ ውስጥ በአብራሪነቱ ተደነቀ፤ በድፍረቱም ተቀጣ። አንድ ጊዜ በበረራ ውድድር ላይ አደገኛ በረራ አድርገሃል ተብሎ ከውድድሩ ተሰርዟል። እያንዳንዱ ሠልጣኝ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲያቀርብ ይታዘዝ ነበር። የ21 ዓመቱ ዊትል በ1928 የጻፈው ስለ ወደፊቱ አውሮፕላን ነው። በዚያ ጊዜ የእንግሊዝ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖች በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበሩ ነበር። እሱ ግን በሰዓት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በጣም ከፍ ባለ ሰማይ ላይ መብረር ይቻላል ብሎ በሒሳብ አስረዳ።

ወናፉን የሚነፋው እሳት

ችግሩ ምን ነበር? የዚያ ዘመን አውሮፕላን የሚሄደው ፒስተን ባለው ሞተር በሚሽከረከር ፕሮፔለር ነበር። ከፍ ባለ ሰማይ አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑን የሚያግደው ነገር ያንሳል፤ ስለዚህ በፍጥነት መብረር ይቻላል። ነገር ግን ሞተሩ ራሱ አየር ያጥረዋል። ራስ ዳሽን ተራራ ላይ እንደሚወጣ ሰው ትንፋሹ ይቆራረጣል። ፕሮፔለሩም በስስ አየር ውስጥ የሚይዘው ያጣል።

ዊትል መልሱን ያገኘው በ1929 ነው። ፕሮፔለሩንም ፒስተኑንም ተወው። የተነፋ ፊኛ አፉን ሳያስሩ ቢለቁት ንፋሱ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይፈተለካል። የጄት ሞተርም በዚህ መንገድ ይሠራል። ከፊት አየር ይስባል፤ ኮምፕረሰር የሚባለው የሚሽከረከር ጎማ አየሩን ያምቀዋል፤ የታመቀው አየር ከነዳጅ ጋር ይቃጠላል፤ ትኩሱ ጋዝ በኃይል ወደ ኋላ ይወጣል። ሲወጣ ተርባይን የተባለውን ሌላ ጎማ ያዞራል። ተርባይኑና ኮምፕረሰሩ በአንድ ዘንግ ላይ የታሰሩ ናቸው። አንጥረኛ እሳቱን በወናፍ ያራግባል፤ በዊትል ሞተር ውስጥ ግን ወናፉን የሚነፋው እሳቱ ራሱ ነው።

ሐሳቡን ለአለቆቹ አቀረበ። እነሱም ወደ አየር ሚኒስቴር ላኩት። የሚኒስቴሩ ባለሙያዎች ስሌቱን አይተው ተስፋው ከልክ ያለፈ ነው አሉ፤ ያን ያህል ሙቀት የሚችል ብረትም የለም ብለው መለሱት። ዊትል በጥር 1930 ፓተንት የሚባለውን የፈጠራ መብት በግሉ ጠየቀ። መንግሥት ጉዳዩን ከቁም ነገር ስላልቆጠረው ምሥጢር እንዲሆን እንኳ አላደረገም፤ ሰነዱ ታትሞ ማንም እንዲያየው ሆነ።

አምስት ፓውንድ

በዚያው ዓመት ዊትል ዶሮቲ ሊ የተባለች ወጣት አገባ፤ ሁለት ወንዶች ልጆችም ወለዱ። አየር ኃይሉ የተማሪነቱን ጉብዝና አይቶ በ1934 ወደ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ላከው። ትምህርቱን በሁለት ዓመት ውስጥ በከፍተኛ ማዕረግ ጨረሰ። ሆኖም ትዳር ይዞ፣ ልጆች እያሳደገ፣ በመኮንን ደመወዝ የሚኖር ሰው ነበር።

በ1935 መጀመሪያ ላይ ፓተንቱን ለማሳደስ 5 ፓውንድ እንዲከፍል ደብዳቤ ደረሰው። ከቤት ወጪ ተርፎ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ አልነበረውም። አየር ሚኒስቴሩም አልከፍልም አለ። ፓተንቱ ቀረ። ዓለምን የሚለውጥ ሐሳብ ባለቤትነት በአምስት ፓውንድ ጠፋ። ወር ቆጥሮ ደመወዙን ለቤተሰብ የሚልክ፣ ለራሱ የሚተርፈውን የሚያጣ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ወዲያው በዚያው ዓመት ግን ሁለት ሰዎች ፈልገው አገኙት። ሮልፍ ዳድሊ ዊሊያምስና ኮሊንግዉድ ቲንሊንግ ይባላሉ፤ ሁለቱም የቀድሞ የአየር ኃይል ሰዎች ናቸው። ገንዘብ እናፈላልግልህ አሉት። በ1936 ፓወር ጄትስ የተባለች ኩባንያ ተቋቋመች። መነሻዋ 2,000 ፓውንድ ብቻ ነበር። ዊትል የአየር ኃይል ባልደረባ ስለሆነ ለገዛ ፈጠራው በሳምንት ከ6 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ ተብሎ ተፈቀደለት። እሱ ግን ቀንና ሌሊቱን ቀላቀለው።

የመጀመሪያው ሞተር ሚያዝያ 12 ቀን 1937 ራግቢ ከተማ ባለ ፋብሪካ ውስጥ ተነሣ። ሲነሣ አልቆም አለ። ነዳጅ ሾልኮ ውስጡ ተጠራቅሞ ስለነበር ዊትል ነዳጁን ቢዘጋውም ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱን ጨመረ። በዙሪያው የነበሩት ሠራተኞች እግሬ አውጪኝ ብለው ሮጡ። ዊትል ግን ከድንጋጤው የተነሣ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ነዳጁ አልቆ ሞተሩ ዝም ሲል መሥራቱ ተረጋገጠ፤ አደገኛነቱም እንደዚያው። በኋላ ፈተናው ከፋብሪካው እንዲወጣ ተጠየቀና ሉተርወርዝ አጠገብ ወደሚገኝ የተዘጋ አሮጌ የብረት ማቅለጫ ቤት ተዛወሩ። ገንዘብ ስላልነበራቸው የተሰበረውን ሞተር እየጠገኑ፣ ከአሮጌው አዲስ እየሠሩ ቀጠሉ።

ከክራንዌል የተነሣችው አውሮፕላን

በሰኔ 1939 የአየር ሚኒስቴሩ የምርምር ኃላፊ መጥተው ሞተሩ ለ20 ደቂቃ ያለ ችግር ሲሠራ አዩ። ያን ቀን መንግሥት አመነ። ዓሥር ዓመት ሊሞላ የቀረው ጥቂት ነበር።

በጀርመን አገር ደግሞ ሃንስ ፎን ኦሃይን የተባለ ወጣት የፊዚክስ ሊቅ በተመሳሳይ ሐሳብ ላይ ይሠራ ነበር። የእሱ ዕድል የተለየ ነው፤ ኤርንስት ሃይንክል የተባሉ ባለጸጋ የአውሮፕላን ፋብሪካ ባለቤት ገና ከጅምሩ ገንዘብና ሠራተኛ ሰጡት። የዓለም የመጀመሪያዋ የጄት አውሮፕላን ነሐሴ 27 ቀን 1939 የበረረችው ከጀርመን ምድር ነው። ጦርነቱ የጀመረው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር።

የዊትል ሞተር የተገጠመላት ትንሽ አውሮፕላን ግንቦት 15 ቀን 1941 ለመጀመሪያ ጊዜ ተነሣች። አብራሪው ጄሪ ሴየር ነበር። ከምሽቱ ወደ 2 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ ለ17 ደቂቃ በረረች። ፕሮፔለር የሌላት አውሮፕላን እንግሊዝ ውስጥ ስትበር ያ የመጀመሪያው ነው። የተነሣችበት ሜዳ ክራንዌል ነበር፤ ያ ቁመቱ ያጠረ ሠልጣኝ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይሠራበት የነበረው ጣቢያ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። በዚያው ዓመት አንድ ሞተር ወደ አሜሪካ ተላከ፤ የአሜሪካ የመጀመሪያው ጄትም በእሱ ንድፍ ላይ ተሠርቶ በጥቅምት 1942 በረረ። በእንግሊዝ ሚቲዮር የተባለው የጄት ተዋጊ በሐምሌ 1944 ሥራ ጀመረ።

የድካም ዋጋ

ይህ ሁሉ ዊትልን በልቶታል። ዓመታት ሙሉ ያለ ዕረፍት ሠራ። ቀን እንዲነቃ የሚያደርግ መድኃኒት ይወስዳል፤ ሌሊት እንዲተኛ ሌላ መድኃኒት ይወስዳል። ሲጋራ ያጨሳል። ሰውነቱ ከስቶ 57 ኪሎ ያህል ቀረ። ከአንድ ጊዜ በላይ አእምሮው ዝሎ ሆስፒታል ገባ። ሥራ ክቡር ቢሆንም እንቅልፍ አጥቶ የሚሠራ ሰው ከራሱ ላይ እየተበደረ እንደሆነ የዊትል ሕይወት ያሳያል። ያ ብድር ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሲከፈል ኖሯል።

ሌላም ኀዘን ነበረ። ዊትል የሕዝብ ገንዘብ የወጣበት ነገር የሕዝብ መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ስለዚህ የጄት ኢንዱስትሪው ሁሉ በመንግሥት እጅ እንዲገባ ሐሳብ አቀረበ፤ የራሱንም ድርሻ ለመንግሥት ለመስጠት ፈቀደ። በ1944 መንግሥት የወረሰው ግን የእሱን ትንሽ ኩባንያ ብቻ ነው። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች እንዳሉ ቀሩ። የዊትል ኩባንያም ሞተር መሥራት ትታ ምርምር ብቻ እንድታደርግ ሆነች። በ1946 ዊትል ከእሷ ለቀቀ።

በ1948 በጤናው ምክንያት ከአየር ኃይል በጡረታ ተሰናበተ። በዚያው ዓመት መንግሥት 100,000 ፓውንድ ሽልማት ሰጠው፤ ንጉሡም ሰር የሚለውን ማዕረግ ሰጡት። ከአምስት ፓውንዱ ጋር ሲነጻጸር የዘገየ ቢሆንም ክብሩ ደረሰ።

ግንቦት 2 ቀን 1952 ኮሜት የተባለው የመንገደኞች ጄት ከለንደን ተነስቶ በሮም፣ በቤሩት፣ በካርቱምና በኢንቴቤ አድርጎ ጆሃንስበርግ ገባ። ጄት ተራ መንገደኛ ማጓጓዝ የጀመረው በዚህ መስመር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድም በ1962 ቦይንግ 720 ጄቶችን ተረከበ። የልደታው አሮጌ ማረፊያ ለጄት ስለማይበቃ ነበር ቦሌ የተሠራው። ዛሬ የምንሰነባበትበት ቦሌ ከዚህ ሞተር ጋር የተወለደ ነው ማለት ይቻላል።

ከባላንጣ ወደ ወዳጅ

ዊትል በ1976 ወደ አሜሪካ ሄዶ መኖር ጀመረ። የመጀመሪያ ትዳሩ ፈርሶ ነበር። ሄዝል ሆል የተባለች አሜሪካዊት አገባ፤ በአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚም አስተማረ። ያ በጦርነት ዘመን በጠላት ወገን የነበረው ፎን ኦሃይንም የሚኖረው አሜሪካ ነበር። ሁለቱ ተዋወቁ፤ ወዳጆችም ሆኑ። በየመድረኩ አብረው እየቀረቡ ታሪካቸውን ይናገሩ ነበር። በ1991 ለምሕንድስና ከሚሰጡት ታላላቅ ሽልማቶች አንዱ የሆነውን የድሬፐር ሽልማት በጋራ ተቀበሉ። አንዱ ሌላውን ሳያውቅ ያንኑ ነገር የፈለሰፉ ሁለት ሰዎች ክብሩን ተካፈሉ።

ፍራንክ ዊትል ነሐሴ 9 ቀን 1996 በሳንባ ካንሰር በ89 ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ ሜሪላንድ በሚገኘው ቤቱ ዐረፈ።

ሞተሩ ወደ ሞዴሉ ሲመለስ

የዛሬዎቹ ትልልቅ የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተሮች ከዊትል ንድፍ ብዙ ተለውጠዋል። አየር የሚያምቁት በአንድ ክብ ጎማ ሳይሆን በተደረደሩ ብዙ ክንፋማ ቀለበቶች ነው። የዊትል አሠራር ሳይለወጥ ከቀረባቸው ቦታዎች አንዱ ግን የሚገርም ነው፤ ሞዴል አውሮፕላን ውስጥ።

በ1990 አካባቢ ኩርት ሽሬክሊንግ የተባለ ጀርመናዊ በቤቱ የሚሠራ ትንሽ ጄት ሞተር ነድፎ አሳየ። ኮምፕረሰሩን ከእንጨት፣ ተርባይኑን ከብረት ሉህ ቆርጦ ነበር የሠራው። ዛሬ በብዙ አገሮች በሬዲዮ የሚመሩ የሞዴል ጄቶች በእውነተኛ ተርባይን ይበራሉ። ሞተሩ ከትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ብዙም አይበልጥም። አንድ ዘንግ አለው፤ በአንዱ ጫፍ ክብ ኮምፕረሰር፣ በሌላው ጫፍ ተርባይን። እኛ ነጭ ጋዝ የምንለውን ኬሮሲን ከትንሽ ዘይት ጋር ይጠጣል። በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል። አብራሪው መሬት ላይ ቆሞ መቆጣጠሪያውን በሁለት እጁ ይይዛል፤ የእሳት ማጥፊያም ከአጠገቡ አይለይም። ሲነሣ የሚሰማው ፉጨት ቀጭን ይሁን እንጂ የዚያው የትልቁ አውሮፕላን ድምፅ ነው። ዓርብ ቀን ወደ በረሃው ሜዳ ወጣ ሲባል ወይም አሠሪ ልጆቹን ይዞ ሲሄድ እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ፣ ከማን እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

የዊትል አስከሬን ተቃጥሎ አመዱ በአውሮፕላን ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ያረፈው ክራንዌል በሚገኘው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። በ16 ዓመቱ እንደ አዲስ አመልካች ሆኖ የገባበት፣ ሞዴሎቹን የሠራበት፣ ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሰማይ የወጣበት ያው ጣቢያ ነው። ወደዚያ የመለሰው አውሮፕላንም የበረረው በጄት ነበር።